ሞት ልጇን ስትድር

«እሺ፣ እሺ አልኩሽ እኮ። በድሪያ ሳሎን አትገባም። ከኋላ ክፍል ትቆያለች።»

ዐያን የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ግቢው ቧንቧ አጠገብ ቀጥ ብላ ቀረች። ድምፁ የእናቷ የኑርሀን ነው፤ ኩሽና ገብታ በስልክ ታወራለች። ኑርሀን ስልክ ስታወራ ቀስ ማለት አታውቅም። ጅቡቲ መስመር ላይ መኪና የሚነዳው ባሏ ሲደውልላት ያለ ስልክም የምታሰማው ነው የሚመስላት፣ ጎረቤት ሁሉ የቤታቸውን ጉዳይ የሚያውቀው በሷ ጉሮሮ ነው። ዛሬ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። ዐያንን ያስደነገጣትም የተነገረው ብቻ ሳይሆን ድምጿን ዝቅ ማድረጓም ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ዱኒያን ያጫት የዛኪር ቤተሰብ ሴቶች እሷን ለማየት ይመጣሉ። ወንዶቹ ባለፈው ሳምንት ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ የዛሬው የሴቶቹ ቀን ነው። ዱኒያ ደግሞ የበድሪያ ልጅ ናት፣ አንድ ልጇ። በዚህ ቤት ወግ የልጅቷ እናት ለልጁ እናት በገዛ እጇ ሐልዋ ታጎርሳለች፣ ያቺም መልሳ ታጎርሳታለች፣ ከዚያ ዝምድናው ተያዘ ይባላል። እንግዲህ እናትየው ሳሎን ካልገባች ማን ነው የሚያጎርሰው?

በድሪያ የዐያን አባት እህት ናት፤ ዐያን «ኤዶ» ነው የምትላት። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም፣ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው፤ በድሪያን ግን ሰው ሲያናግራት እንደሌላው ተጠግቶ አይደለም፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሴቶች ሲሞቱ ጀናዛቸውን የምታጥበው እሷ ናት። ሲጠሯት የቁርቁራ ቅጠሏንና ካፉሯን በፌስታል ይዛ ትሄዳለች፣ አጥባ፣ ከፍና፣ ዱዓዋን አድርጋ ትመለሳለች። ሳንቲም አትቀበልም፣ ከአላህ ለሚገኘው አጅር ብላ ነው፤ የምትኖረው መጋላ ገበያ ላይ ሰልባጅ ቸርችራ ነው። የዚያን ዕለት ሰው የሞተባቸው አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ሳምቡሳ ስታቀብላቸው «ወላሂ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ሙሽራ ሂና ሲቀባ አትጠራም። ሊጥ የሚያቦካ ሰው ሲፈለግ ማንም ወደ እሷ አያይም። ኑርሀን እንኳ ለበድሪያ ለብቻው የተቀመጠ ብርጭቆ አላት፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ከሌላው ጋር የማይታጠብ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ስለዚያ ብርጭቆ አንድ ቀን አልተወራም።

«ማን ነው እንደሱ ያለው?» አለች ዐያን ኩሽናው በር ላይ ቆማ።

ኑርሀን ስልኩን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። «የነሱ ወግ ነው። በመጀመሪያው ቀን እናት አትታይም አሉ።»

«የምን ወግ ነው ደግሞ? እነሱም እንደኛው የድሬ ሰዎች አይደሉ እንዴ?»

«ዐያን፣ አፍሽን ተጉመጥመጪና ሥራሽ ሂጂ። ዛሬ የኔን ጭንቅላት አታዙሪ።»

በድሪያ ከኋላ ክፍሏ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሐልዋ ትቆርጣለች። ትናንት ራሷ ሄዳ ነው የገዛችው፣ ሁለት ኪሎ፣ ኪሎውን በስድስት መቶ ሃምሳ፤ ሻጩ አንድ ብር አልቀንስም ብሏት ተጨቃጭቃ፣ ተመልሳ ሄዳ፣ እንደገና መጥታ የገዛችው ነው። ቁራጮቹን በመጠናቸው እያስተካከለች ትሪው ላይ ትደረድራለች። ዐያን ከፊቷ ቁጢጥ አለች። ነገሩሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፣ በድሪያም ነገሩኝ አለች። «እና?» አለች ዐያን። «ወጋቸው ከሆነ ወጋቸው ነው፣ ምን ይደረጋል» አለች በድሪያ፤ ከዳር የተረፈውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰብስባ ወደ ዐያን አፍ ዘረጋች። ዐያን ጎረሰች። በዚህ ግቢ ከበድሪያ እጅ ሳታመነታ የምትጎርስ እሷ ብቻ ናት፣ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ቀንም ጣፋጩን እያኘከች ባጃጅ ፍለጋ ወጣች።

ዐያን የምትሠራው ከዚራ ሰፈር፣ ክፍሉ በሚባል ሰው ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የቲሸርት ጽሑፍ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ሳይቀር እሷ ናት የምታዘጋጀው። ደንበኛ ከሌለ ትስላለች። ክፍሉ መብራት እስካልጠፋና ቀለም እስካልተደፋ ድረስ ምን ሠራሽ አይልም፣ ደህና ሰው ነው። ከስምንት ወር በፊት አንድ ታሪክ ጀመረች፣ በየሳምንቱ አርብ አርብ ቴሌግራም ላይ የምትለቀው፣ በስዕል የሚነበብ። ታሪኩ የሚሆነው ወንዟ ክረምት ከበጋ ሞልታ በምትፈስ፣ ሰው በጀልባ ገበያ በሚሄድባት ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ሞት የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ ቢጫ ዲራዕ የምትለብስ ሴት ናት። አንዱ ተከታታይዋ «መልአክ ይሳላል እንዴ?» ብሎ ሲቆጣ ዐያን ይቺ መልአክ አይደለችም፣ ሴትዮ ናት፣ ተረት ነው ብላ መለሰችለት። ታሪኩ ስለሚሞቱት ሰዎች አይደለም። ሞት ከሥራ ስትመለስ ማን ቤት ሻይ እንደምትጠጣ ነው። አከራይዋ ኪራዩን ከእጇ አይቀበላትም፣ ደፍ ላይ አስቀምጪው ይላታል። ባሏ ሲያረጅ ፈርቷት ጥሏት ሄዷል፤ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ዓይነ ስውር ጎረቤት ብቻ እጇን ጨብጦ ዛሬ ደግሞ ብርድ መቶሻል ይላታል። ተከታታዩ አራት ሺህ አልፏል። ሰው ሞትን ወደዳት። «ይቺን ሴትዮ ቤቴ ጠርቼ ምሳ ባበላት» ብሎ የጻፈ ሁሉ አለ።

ሞት የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ግራ ቅንድቧንም ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ አላት። በድሪያ ናት። ዐያን ይህን ያደረገችው ከፍቅር ነው፣ ሌላ ምንም አላሰበችም። በሰፈር ፊት መናገር ያልቻለችውን ተረት አድርጋ ተናገረችው፣ ሰውም አጨበጨበላት። ስህተቷ የመጣው በሰባተኛው ክፍል ነው። ለሞት ልጅ ሰጠቻት፤ ቆንጆ፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ለጓደኞቿ «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት» የምትል ልጅ። ይሄን ከራሷ አላፈለቀችውም፤ የዱኒያ ውሸት ነው። ዱኒያ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰች ሰሞን አንድ ቀን አልጋ ላይ ተጋድመው ለብቻቸው የነገረቻት ነው፣ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች የጨረሰችው። ዐያን ስትስለው ይሄ የእህቴ ምስጢር ነው ብላ አላሰበችም። እንዴት ያለ ጥሩ ክፍል ነው የሚወጣው ብላ ነው ያሰበችው።

አምስት ሰዓት ላይ ዱኒያ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሌሊቱን ጓደኛዋ ቤት ነው ያደረችው፣ ሂና ለመቀባት። ሁለቱንም እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸዋለች፣ ሁለተኛው ቅብ ገና አልደረቀም። ክፍሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ወንበር ሳበላት፣ አልተቀመጠችም። ዐያንን ወደ ውጭ፣ ወደ ዛፉ ጥላ ጠራቻት።

«ስልኬን ከቦርሳዬ አውጪው፣ እጄ ሂና ነው። የዛኪር እህት የላከችውን ክፈቺው።»

ዐያን ከፈተችው። ሰባተኛው ክፍል ነው። የሞት ልጅ ፊቷን ከእናቷ አዙራ ለጓደኞቿ ስታወራ። ከስሩ የድምፅ መልእክት አለ፤ የዛኪር እህት እየሳቀች «ዱኒዬ፣ ይሄን ታሪክ ተከታተይማ፣ ሞትየዋ አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጇ ግን፣ ወላሂ፣ እናቷን የካደች፣ እንዲህ ዓይነቷን ማን ያገባታል?» ትላለች።

ዱኒያ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ መንገዱን ነው የምታየው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። ለዛኪርም ያው የጥንቱን ነው የነገረችው፤ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ ሳሎን ገብታ ከተቀመጠች የዛኪር እህት ቅንድቧን አይታ ታውቃታለች። ሞትን ካወቀች ደግሞ የሞትን ልጅ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። ዐያን አሁን ነው የገባት። ጠዋት እናቷ በስልክ እሺ፣ እሺ ስትላት የነበረችው ዱኒያ ናት። የነሱ ወግ የሚባል ነገር የለም።

«እናትሽን ከሳሎን ያስወጣሻት አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ። ያስገደድሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።»

«ከስልክ ትሰርዢዋለሽ። ከሷ ጭንቅላት በምን ትሰርዢዋለሽ?» ዱኒያ ልታለቅስ ነበር፣ ግን ዓይኗን የምትጠርግበት እጅ ስላልነበራት ወደ ላይ ቀና ብላ ዋጠችው። «ኒካው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ለዛሬ ብቻ ነው። እማም እሺ ብላለች።»

«እሺ ያለችው የነሱ ወግ መስሏት ነው።»

ዱኒያ ባጃጅ በአገጯ ጠቁማ አስቆመችና እጆቿን እንደዘረጋች ገብታ ሄደች። ዐያን ሰባተኛውን ክፍል ሰረዘችው። ከዚያ ምን እንደምትሠራ ጠፋት፤ የአንድ ደንበኛ ባነር ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቀን ጽፋ ክፍሉ ራሱ ዛሬስ ሂጂ፣ እቤትሽ ጉዳይ አለ አላት። የዛኪር ሰዎች ቢነገራቸው ምን ይሉ እንደነበር ማንም አያውቅም። ምናልባት አጅር ያላት ሴት ብለው ያከብሯት ነበር። ይሁን እንጂ ዱኒያ ከልጅነቷ ጀምራ በየጓደኛዋ ቤት የእናቷ ሳምቡሳ ሳይነካ ሲመለስ እያየች ነው ያደገችው፣ ምናልባት በሚል ነገር ትዳሯን አታስይዝም። ዐያን ይህን ስታስብ ልትፈርድባት አልቻለችም፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ ሰፈር ስትደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሳሎኑ ተወልውሎ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ትራሶቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ ሚሪንዳና ውሃው በረዶ ባለበት ባልዲ ገብቷል። ኑርሀን የክት ልብሷን ለብሳ ወርቋን አድርጋለች። የልጅቷ እናት ሆና የምትቀመጠው እሷ ናት፣ አላምርም እንዴ በሚል ዓይን ዐያንን አየቻት። ዐያን አልፋት ወደ ኋላ ክፍል ሄደች። የኋላው ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በቺፕውድ ነው፣ እዚህ ያስነጠሰ እዚያ ይማርህ ይባላል። በድሪያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን ዲራዕ ለብሳዋለች፣ ሐምራዊውን፣ ለዚህ ቀን ብላ ያሰፋችውን። ማንም እንደማያያት እያወቀች ኩል ተኩላለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ በጣም ታጥበው ቆዳቸው ነጭ ሆኗል።

ዐያን በሩን ዘጋችና እግሯ ስር ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። «ኤዶ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አለች።

«ስዕሉን ነው?» አለች በድሪያ። «አይቼዋለሁ። መጋላ ያሉ ልጆች ያሳዩኛል፣ ሞት መጣች እያሉ ይቀልዱብኛል። አልተናደድኩም። ጥርሴን ደህና አድርገሽ ስለሽዋል።» በድሪያ ማንበብ አትችልም። «አንዱ ግን አልገባኝም። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ለጓደኞቿ የምታወራበት አለ። ምንድን ነው የምትላቸው? ልጆቹን አንብቡልኝ ስላቸው ተያይተው ዝም አሉ።»

እዚህ ላይ ዐያን መዋሸት ትችል ነበር። ስለ ትምህርት ነው የምታወራው ብትላት ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ጠዋት የጎረሰችው ሐልዋ ነው መሰለኝ፣ ውሸቱ አልወጣላትም። «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት ነው የምትላቸው» አለች።

ከቺፕውዱ ማዶ ኑርሀን ብርጭቆ ስትደረድር ይሰማል። በድሪያ ዲራዕዋን ጉልበቷ ላይ አለሳለሰችው። «የዛሬውን ወግ ያወጣችው የዛኪር እናት ናት ወይስ ዱኒያ?» ብላ ጠየቀች። ዐያን አንገቷን ደፋች። እሱ ከበቂ በላይ መልስ ነበር። በድሪያ ቀስ ብላ አዎ፣ አዎ አለች፣ ለራሷ። ዐያን ክርኗን ይዛ ነይ ግቢ፣ ዛሬ ካልገባሽ መቼም አትገቢም አለቻት። «አቦ ተይኝ» አለች በድሪያ እጇን አስለቅቃ። «የልጄን ቀን ላበላሽ ነው?» ደጅ ላይ መኪና ቆመ። ኑርሀን «ዐያን፣ ትሪ» እያለች በሹክሹክታ ጮኸች።

ሰባት ሴቶች ናቸው የመጡት፣ ስኳርና ቴምር፣ ዲራዕ ከውስጥ ከሚለበሰው ጉርጉራ ጋር ይዘው። ከፊት የዛኪር እናት ናዲፋ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትገባ ቤቱን የምትሞላ ሴት። ዱኒያ ራሷን ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የዛኪር እህት ገና እንደተቀመጠች ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ማየት ጀመረች። ዐያን የሐልዋውን ትሪ ይዛ ቆማለች። ሰላምታው፣ ሙቀቱ፣ የስኳር ዋጋ፣ የባጃጅ ታሪፍ ሁሉ ተነሥቶ አለቀ። ከዚያ ናዲፋ ዞር ዞር ብላ አየችና የልጅቷ እናት የታለች አለች።

ኑርሀን ተዘጋጅታበት ነበር። በድሪያ ታማለች ቢባል እንጠይቃት ይላሉ፤ መንገድ ሄዳለች ቢባል ልጇን በምትድርበት ቀን የምትሄድ እናት ምን ዓይነት ናት ይባላል። ስለዚህ ስታስበው የዋለችውን ተናገረች። «ዛሬ ጠዋት ሰው ሞቶባት ለቅሶ ሄደች። ቅርብ ሰው ነው፣ መቅረት አልቻለችም። እኔ እንደ እናቷ ነኝ።» የተመረጠች ውሸት ነበረች፣ ማንም በለቅሶ አይከራከርም። ኑርሀን የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድሬ ላይ ሰው ሞተ ተብሎ እየተሰማ ማንም ተቀምጦ ሚሪንዳ አይጠጣም።

«ለቅሶ?» አለች ናዲፋ። ሽርጧን ሰብስባ መነሣት ጀመረች። «እንዴት አልነገራችሁንም? ከዛሬ ጀምሮ የናንተ ለቅሶ የኛ ለቅሶ አይደለም እንዴ? ተነሡ፣ መኪናው ደጅ ነው። እዚያው ሄደን እናትየውንም እናገኛታለን። ሰፈሩ የት ነው?»

ሌሎቹ ስድስት ሴቶችም ተነሡ። ኑርሀን ግራ ገብቷት ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነው አለች፤ የት ነው ሲሏት ወደ ሁርሶ በኩል አለች፣ ምን ይርቃል ተባለች። የሟቹ ስም ተጠየቀ። ኑርሀን ዱኒያን አየቻት። ዱኒያ ዐያንን አየቻት። የሁሉም ዓይን እየዞረ መጥቶ ዐያን ላይ አረፈ። የዛኪር እህት ቅንድቧን ሰብስባ «እናንተ፣ ምን ሆናችኋል?» አለች። ዐያን አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር ዛሬም አታውቅም።

የግቢው የፊት በር ተንኳኳ። ከዚያ ተከፈተ፣ ጫማ ሲወልቅ ተሰማ። በድሪያ ሳሎን ገባች። ሐምራዊው ዲራዕ ጫፉ ላይ የደቻቱ አሸዋ ይዟል፤ የኑርሀንን ውሸት ከቺፕውዱ ማዶ ሰምታ፣ በጓሮ በር ወጥታ፣ በወንዙ አሸዋ እየሮጠች ዞራ ነው የመጣችው። ላብ አጥምቋታል። «አፉ በሉኝ» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ቆየሁባችሁ። ለቅሶ ነበረብኝ።» ናዲፋ ደረቷን ከፍታ አቀፈቻት፣ አልሐምዱሊላህ እንኳን መጣሽ አለቻት፣ ሁሉም ተመልሰው ተቀመጡ። የዛኪር እህት ብቻ አልተቀመጠችም። የበድሪያን ቅንድብ አየች። ዱኒያን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች፤ እንዳወቀቻት ዐያን ገባት።

በድሪያ ከልጇ አጠገብ ሳይሆን ከናዲፋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጇን ወደ ዐያን ዘረጋች፣ ትሪውን ተቀበለች።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አለች ናዲፋ።

«ሴት ናት» አለች በድሪያ። «የአንዲት ልጅ እናት።»

«ውይ። መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ ሴቶቹ በአንድ ላይ፤ ኑርሀንም አለች፣ ዐያንም አለች። ዱኒያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ናዲፋ ከልቧ አዝና ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ልጅቷስ? እንዴት ሆነች?»

በድሪያ ከሐልዋው አንዱን ቁራጭ አነሣች።

«ትለምደዋለች» አለችና እጇን ወደ ናዲፋ አፍ ዘረጋች።